ሁለት አምፕ ቤት ውስጥ እንዴት ይወዳደራሉ? ከመልቲሜትር እስከ ጆሮ

«ሁለት ጥሩ አምፕ እጄ ገብቷል፤ የቱን ላስቀር?» የሚለው ጥያቄ መልኩን እየቀያየረ በተደጋጋሚ ይመጣል፤ አምፕ ስንል ሲግናሉን አጉልቶ ስፒከሩን የሚያንቀሳቅሰውን ማጉያ (አምፕሊፋየር) ነው። አንዱ አምፑን ዘመድ ከአሜሪካ ይዞለት መጥቷል፣ ሌላው ዱባይ ገዝቶታል፣ ሦስተኛው ከጓደኛው ለሳምንት ተውሶታል። መልሱ ለሁሉም አንድ ነው፦ ሁለቱን በአንድ ክፍል፣ በአንድ ስፒከር፣ በእኩል ድምፅ፣ በመጨረሻም የትኛው እየሠራ እንደሆነ ሳያውቁ ያዳምጧቸው። መመሪያው ለባለ ሁለት ቻናል ስቴሪዮ ነው። ለኢንተግሬትድም (ቮሊዩምና ኢንፑት መምረጫ አብሮት ላለው) ለፓወር አምፕም (ለሚያጎላው ብቻ)፣ ለትራንዚስተር፣ ለክላስ ዲ (በፍጥነት እየበራና እየጠፋ ለሚያጎላው) እና ለቲዩብ (በመስታወት ቱቦ ለሚሠራው) አምፕ ይሠራል። አንድ ቅዳሜና እሁድ ይበቃዋል።

የሚያስፈልጉ ነገሮች

- ሁለቱ አምፖች፣ እንዲሁም ድምፁን በደንብ የሚያውቁት የራስዎ ስፒከር። አዲስ አምፕን በአዲስ ስፒከር አይፈትሹ፤ የሰሙት ነገር የማን እንደሆነ አይለይም።
- በባትሪ የሚሠራ ዲጂታል መልቲሜትር፣ በኤሲ ቮልት እስከ 0.01 ቮልት የሚያነብ። «ትሩ አርኤምኤስ» ቢሆን ጥሩ ነው፣ ለዚህ ሥራ ግን ተራውም ይበቃል።
- 300 ሄርዝ የሳይን ቶን ፋይል። ኦዳሲቲ በሚባለው ነፃ ፕሮግራም ውስጥ ቶን የሚያመነጨውን ትእዛዝ ይክፈቱ፣ ፍሪኩዌንሲ 300፣ አምፕሊቱድ 0.25 ብለው ያስገቡ፣ ርዝመቱን 2 ደቂቃ ያድርጉና ዋቭ አድርገው ያስቀምጡ። 0.25 ማለት ከሙሉው ደረጃ 12 ዲሲቤል ዝቅ ያለ ማለት ነው፤ ይህ ቁጥር በኋላ ያስፈልገናል። 300 ሄርዝ የተመረጠው ርካሽ መልቲሜትሮች ከ400 ሄርዝ በላይ ሲሆን ንባባቸው ስለሚዛባ ነው።
- 2.5 ስኩዌር ሚሊ ሜትር የስፒከር ሽቦ፣ ለግራም ለቀኝም እኩል ርዝመት ያለው፣ ጫፉ ላይ ባናና (ማያያዣው ውስጥ የሚሰካ መሰኪያ) የገባለት።
- የስፒከር መቀያየሪያ ሳጥን፣ ቢኖር ብቻ። ከታች በደረጃ 8 ያለውን ሳያነቡ አይግዙ።
- ረዳት ሰው፣ መጋረጃ ወይም ነጠላ፣ ወረቀት፣ እስክርቢቶ፣ ሳንቲም፣ ሜትርና የወረቀት ፕላስተር።

ሳይጀምሩ የሚነበቡ ማስጠንቀቂያዎች

ቮልቴጅ። ከአሜሪካ የመጣ አምፕ ከኋላው «120 ቮልት» ብቻ ከተጻፈበት 220 ቮልት ሶኬት ላይ አይሰኩት። ቮልቴጅ የሚቀንስ ትራንስፎርመር ያስፈልገዋል፤ ትራንስፎርመሩ አምፑ ላይ ከተጻፈው ዋት ቢያንስ እጥፍ ይሁን። ትልልቅ አምፖች ሲበሩ ለቅጽበት ብዙ ከረንት ስለሚስቡ ልክ በልኩ የተገዛ ትራንስፎርመር ፊውዝ ያቃጥላል። ሌላም ነገር ይመልከቱ፦ ጽሑፉ «50/60 ሄርዝ» ካለ ችግር የለም። «60 ሄርዝ» ብቻ ከሆነ ግን ቮልቴጅ የሚቀንሰው ትራንስፎርመር ፍሪኩዌንሲውን አይቀይረውም፤ የአምፑ የውስጥ ትራንስፎርመር በ50 ሄርዝ ይበልጥ ይሞቃል፣ ያጉረመርማልም። እንዲህ ያለውን አምፕ ባለሙያ ሳያየው ለሰዓታት አያሠሩት።

ቲዩብ አምፕን ያለ ስፒከር አያብሩ። ጭነት በሌለበት ሙዚቃ ካለፈበት በአውትፑት ትራንስፎርመሩ ላይ ከፍተኛ ቮልቴጅ ተፈጥሮ ሊያቃጥለው ይችላል።

ጥቁሩን ማያያዣ «ግራውንድ ነው» ብለው አይመኑ። ብዙ የክላስ ዲ አምፖችና ብሪጅ የተደረጉ (ሁለት ማጉያ እንደ አንድ የተጣመረባቸው) አምፖች በጥቁሩም በኩል ሲግናል ያወጣሉ። የግራና የቀኝ ጥቁር ሽቦዎችን አንድ ላይ ማሰር፣ ወይም ከሌላ አምፕ ጥቁር ጋር ማገናኘት አምፑን ይገድለዋል። በባትሪ የሚሠራ መልቲሜትር ያልነውም ለዚሁ ነው።

የሶኬቱን የኧርዝ እግር አይቁረጡ፣ በፕላስተርም አይሸፍኑ። «ሃሙ ጠፋልኝ» የሚሉ (ሃም ከስፒከር የሚወጣው «እምምም» ነው) ብዙ ሰዎች ያጠፉት ይህንን መከላከያ ነው። የአምፑን ብረት ሲነኩ እጅዎን ንዝር የሚያደርግዎ ከሆነ የቤቱ ኧርዝ ላይሠራ ወይም ከነጭራሹ ላይኖር ይችላል፤ ከሙከራው በፊት ኤሌክትሪክ ሠራተኛ ይጥሩ።

ክዳን አይክፈቱ። ካፓሲተሮች ሶኬቱ ከተነቀለም በኋላ ኃይል ይዘው ይቆያሉ።

ከፍታ። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ 2,300 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ አየሩ ከባሕር ዳርቻው በአንድ አምስተኛ ያህል ይሳሳል። የሳሳ አየር ደግሞ ሙቀት በደንብ አይወስድም። አምራቹ «ከላይ 10 ሳንቲ ሜትር ክፍት ይሁን» ካለ እርስዎ 20 ይተዉለት። ሁለት አምፕ መደራረብማ ጭራሽ አይታሰብ፤ በተለይ ሙዚቃ ባይኖርም ሁልጊዜ ሙሉ ሙቀቱን የሚያወጣውን ክላስ ኤ አምፕ ከታች ማድረግ የላይኛውን መቀቀል ነው።

ደረጃ 1፦ ስፒከሩንና መቀመጫዎን አንድ ቦታ ያጽኑ

ስፒከሮቹ ያሉበትን ወለል በፕላስተር ምልክት ያድርጉ፣ የወንበርዎንም እግር እንዲሁ። በሁለቱ ስፒከሮች መካከል ያለው ርቀትና ከእያንዳንዱ እስከ ጆሮዎ ያለው ርቀት ተቀራራቢ ይሁን፤ ግራና ቀኙን በሜትር ለክተው በ2 ሳንቲ ሜትር ውስጥ ያስተካክሉ።

ወንበርዎን ከክፍሉ ርዝመት መሃል ላይ አያድርጉ። 5 ሜትር በሆነ ክፍል ውስጥ 34 ሄርዝ አካባቢ ያለው ባስ መሃል ላይ ይጠፋል፣ ግድግዳ ጥግ ላይ ያብጣል። ከኋላ ግድግዳ 1.9 ሜትር ገደማ ራቅ ብሎ መቀመጥ ለመነሻ ጥሩ ቦታ ነው። ያልጸና ወንበር የሚያመጣው ችግር ይኸው ነው፦ አንዱን አምፕ ሲሰሙ ተደግፈው፣ ሌላውን ሲሰሙ ወደፊት ጎንበስ ብለው ከሆነ የሰሙት የባስ ልዩነት የወገብዎ ነው።

ሳሎኑ ሴራሚክ ወለል፣ ትልቅ መስታወትና ባዶ ግድግዳ ከሆነ መሃል ላይ ቆመው አንዴ ያጨብጭቡ። ጭብጨባው «ትርርር» ብሎ ከተመለሰ በስፒከሮቹና በእርስዎ መካከል ምንጣፍ ያንጥፉ፣ መጋረጃውን ይዝጉ። የክፍሉ ማስተጋባት ለሁለቱም አምፕ እኩል ቢሆንም ጥቃቅን ልዩነቶችን ይሸፍናል።

ደረጃ 2፦ ኤሌክትሪኩን ለሁለቱም እኩል ያድርጉ

ሁለቱንም አምፕ ከአንድ መስመር ላይ ይሰኩ። መብራቱ በሚዋዥቅበት ሰዓት አይፈትሹ፤ ምሽት ሁሉም ምጣድ ሲጥድ የአንዱ ተራ ደርሶ፣ ሌላው ጠዋት ከተሰማ ውድድሩ እኩል አይደለም። ስታብላይዘር ከተጠቀሙ ሁለቱም በእሱ ይለፉ። በሪሌ (በኤሌክትሪክ በሚንቀሳቀስ ማብሪያ) የሚሠራው ዓይነት ቮልቴጁን በዝላይ እየቀየረ «ቀጭ» ስለሚል ማዳመጥን ይረብሻል፤ በሞተር የሚስተካከለው ይሻላል። የስታብላይዘሩ አቅም ከአምፑ ካነሰ ግን ኃይለኛ ምት በመጣ ቁጥር እሱ ራሱ ቮልቴጅ ይጥላል፣ እርስዎ ደግሞ «አምፑ ደከመ» ይላሉ።

ደረጃ 3፦ ስፒከር ከማገናኘትዎ በፊት ዲሲ ይለኩ

ይህ (ወደ አንድ አቅጣጫ ብቻ የሚፈሰውን ኤሌክትሪክ መለካት) ለትራንዚስተርና ለክላስ ዲ አምፕ ነው። ቲዩብ አምፕ ከሆነ ይዝለሉት፤ የአውትፑት ትራንስፎርመሩ ዲሲ አያሳልፍም፣ ያለ ስፒከር ማብራትም አይቻልም።

1. ምንም ሳይገናኝ፣ ቮሊዩሙን ዜሮ አድርገው አምፑን ያብሩ። የመከላከያ ሪሌው «ቀጭ» እስኪል ይጠብቁ፣ 10 ደቂቃም ይቆዩ።
2. መልቲሜትሩን ዲሲ ሚሊ ቮልት ላይ ያድርጉ።
3. አንዱን ጫፍ ቀዩ ማያያዣ ላይ፣ ሌላውን ጥቁሩ ላይ ያድርጉ። ጫፎቹ እርስ በርስ እንዳይነካኩ እጅዎን ያረጋጉ። ሁለቱንም ቻናል ይለኩ።

ከ20 ሚሊ ቮልት በታች ጥሩ ነው። እስከ 50 ድረስ ይታለፋል። ከ100 በላይ ካነበበ ስፒከርዎን አያገናኙበት፤ በቋሚነት የሚፈሰው ዲሲ የዉፈሩን (የባስ ስፒከሩን) ኮን ከመሃሉ ይገፋዋል፣ ጥቅልሉንም ያሞቀዋል። ያገለገለ አምፕ የሚገዛ ሰው ይህንን ልኬት ሻጩ ፊት ቢያደርገው በጣም ይጠቀማል።

ደረጃ 4፦ ዝምታውን ያዳምጡ

አምፑን አጥፍተው ስፒከሮቹን ያገናኙ፣ ከኢንፑት የሚገባውን ኬብል ሁሉ ይንቀሉ፣ ቮሊዩም ዜሮ አድርገው ያብሩ። ጆሮዎን ትዊተሩ (የቀጭን ድምፅ ስፒከሩ) አጠገብ፣ ከዚያ ዉፈሩ አጠገብ ያድርጉ።

ትዊተሩ ላይ ቀጭን «ሽሽሽ» መኖሩ በራሱ ጥፋት አይደለም፤ ከመቀመጫዎ ከተሰማ ግን ነው። ዉፈሩ ላይ «እምምም» ካለና ምንም ኬብል ካልተሰካ ምንጩ አምፑ ውስጥ ነው። ባረጁ አምፖች ላይ ብዙ ጊዜ የፓወር ሰፕላይ ካፓሲተሮች መድከም ነው፤ እነሱ የሚያመጡት 100 ሄርዝ ሻከር ያለ ድምፅ አለው። ድምፁ ከስፒከር ሳይሆን ከሳጥኑ ከወጣ ትራንስፎርመሩ ነው የሚንቀጠቀጠው፤ በስፒከር በኩል አይሰማም፣ ጸጥ ባለ ክፍል ግን ያናድዳል።

አሁን አምፑን በየጊዜው እያጠፉ ኬብሎቹን አንድ በአንድ ይመልሱ። አንዱን ሲሰኩ ሃም ከመጣ ችግሩ የአምፑ አይደለም፣ የግራውንድ ሉፕ (መሣሪያዎቹ በግራውንዳቸው በኩል የሚሠሩት ቀለበት) ነው። በእኛ ቤቶች ዋናው ተጠርጣሪ ከዲሽ ወደ ሪሲቨር፣ ከሪሲቨር ወደ አምፕ የሚመጣው መስመር ነው። የዲሽ ኬብሉን ከሪሲቨሩ ነቅለው ያዳምጡ፤ ሃሙ አብሮ ከጠፋ ሙከራውን ሪሲቨሩ ሳይገናኝ ያካሂዱ። ስንቱ ውድ አምፕ በዲሽ ኬብል ምክንያት ተወቅሷል!

ደረጃ 5፦ ያሙቁ

ሁለቱንም በአንድ ጊዜ አብርተው ለ1 ሰዓት ያቆዩ። ክላስ ኤና ቲዩብ አምፖች የሥራ ሙቀታቸው እስኪረጋ ድረስ ባያሳቸው (ያለ ሙዚቃም የሚፈስባቸው የመነሻ ከረንት) ይንቀሳቀሳል። ክላስ ዲ ይህን ያህል አይፈልግም፤ የሚቆየው ለእኩልነት ነው። ቲዩቡ ስፒከር ላይ ሆኖ ይሙቅ።

ደረጃ 6፦ ድምፁን በመልቲሜትር ያስተካክሉ

ከዚህ መመሪያ አንድ ነገር ብቻ የሚሠሩ ከሆነ ይህንን ይሥሩ።

በሁለት አምፖች መካከል ግማሽ ዲሲቤል ልዩነት ቢኖር ጆሮ «ይሄኛው ጮክ ይላል» አይልም። «ይሄኛው ይጠራል፣ ባሱ ይሞላል፣ ዘፋኙ ቀረብ ይላል» ነው የሚለው። አምፖች ደግሞ ማጉላታቸው ይለያያል፤ አንዱ 26 ዲሲቤል፣ ሌላው 29 ሊሆን ይችላል። የቮሊዩም ቁልፉን ሁለቱም ላይ «ሰዓት 10» ማድረግ ምንም አያስተካክልም።

1. ባስ፣ ትሬብል፣ ላውድነስ፣ ኢኳላይዘር ሁሉ ይጥፋ። «ዳይሬክት» የሚል ቁልፍ ካለ ይጫኑት።
2. አምፕ «ሀ» ስፒከሩ ላይ እንዳለ መልቲሜትሩን ኤሲ ቮልት ላይ አድርገው ከአምፑ የግራ ቀይና ጥቁር ማያያዣ ጋር ያገናኙ።
3. 300 ሄርዙን ይክፈቱና ቮሊዩሙን ቀስ እያሉ 2.00 ቮልት እስኪያነብ ከፍ ያድርጉ። አንድ ወጥ «ቡቡቡ» ነው፤ አሰልቺ ቢሆንም ስፒከር አይጎዳም።
4. የቀኙን ቻናል ይለኩና ይጻፉ። ግራው 2.00 ሆኖ ቀኙ 1.90 ከሆነ 0.45 ዲሲቤል ልዩነት አለ፤ ዘፋኙ ከመሃል ወደ ግራ ሸርተት ይላል። የቮሊዩም ቁልፉ ተራ ፖቴንሽዮሜትር ከሆነ ይህ በዝቅተኛ ድምፅ ላይ የሚታወቅ ድክመት ነው። ባላንስ ካለው ያስተካክሉት፣ ከሌለው እንደ ነጥብ ይመዝግቡት።
5. አምፕ «ለ»ን ያገናኙ፤ በግራው ቻናል በ1.98 እና በ2.02 ቮልት መካከል ያምጡት። በዚህ ክልል ልዩነቱ ከ0.1 ዲሲቤል በታች ነው።
6. የሁለቱንም ቁልፍ በፕላስተር ያሽጉ፤ ሪሞቶቹን ከሳሎኑ ያስወጡ። ከግማሽ ሰዓት በኋላ እንደገና ይለኩ።

አንዳንድ አምፖች ቮሊዩማቸው በግማሽ ዲሲቤል ዝላይ ነው የሚሄደው፤ ከ2.00 ቀጥሎ 2.12 ይሆናል። እንዲህ ከሆነ በመጀመሪያ ሌላኛውን አምፕ ወደ እሱ ያምጡት፤ ዒላማው 2.00 መሆኑ ግዴታ አይደለም፣ እኩል መሆኑ ነው ግዴታው። ሁለቱም የሚዘሉ ከሆነ፣ ወይም ቮሊዩም የሌላቸው ፓወር አምፖች ከሆኑ፣ ይበልጥ ከሚያጎላው ፊት ፓሲቭ (ኤሌክትሪክ የማይፈልግ) ቮሊዩም መቆጣጠሪያ ያስገቡ፤ ከእሱ እስከ አምፑ ያለው ኬብል ከ1 ሜትር አይብለጥ።

የስልክ ድምፅ መለኪያ አፕ ለዚህ አይሆንም። ስልኩን ጥቂት ሳንቲ ሜትር ማንቀሳቀስ ብቻ ንባቡን ከአንድ ዲሲቤል በላይ ይቀይረዋል፤ እኛ የምንፈልገው የዚያን አንድ አሥረኛ ነው።

ደረጃ 7፦ ስንት ዋት እንደሚበቃዎ ይወቁ

የሚወዱትን ሙዚቃ እስከ ዛሬ ከሰሙበት ከፍተኛ ድምፅ ላይ ያድርሱ። ቁልፉን ሳይነኩ ሙዚቃውን አቁመው 300 ሄርዙን ለጥቂት ሰከንድ ይክፈቱ፣ ቮልቱን ያንብቡ። ቁጥሩን በ4 ያባዙ፤ ፋይሉ ከሙሉው ደረጃ 12 ዲሲቤል ዝቅ ያለ ስለሆነ 4 እጥፉ በዚያ ቮሊዩም ሊመጣ የሚችለው ትልቁ ነው። ውጤቱን በራሱ አባዝተው በስፒከሩ ኦም ያካፍሉ።

ለምሳሌ 2.5 ቮልት ቢያነብ 4 እጥፉ 10 ቮልት ነው። 10 በ10 ሲባዛ 100፣ ለ8 ሲካፈል 12.5 ዋት። ስፒከሩ 4 ኦም ቢሆን 25 ዋት። ብዙ ሰው ይህን ቁጥር ሲያይ ይደነግጣል። 200 ዋት ያለው አምፕ ከ100 ዋቱ የሚበልጠው በ3 ዲሲቤል ብቻ ነው፤ ፍላጎትዎ 12.5 ዋት ከሆነ ሁለቱም ብዙ ትርፍ አላቸው። 8 ዋት የሚሰጥ ባለ አንድ ቲዩብ አምፕ ግን እዚያ አይደርስም፤ ምቶቹን ይቆርጣል። ያንን ካወቁ በኋላ ጮክ አድርጎ ማወዳደር ትርጉም የለውም፣ አሸናፊው ከወዲሁ ታውቋል። ለቲዩቡ ዕድል መስጠት ከፈለጉ በሚችለው ድምፅ ላይ ይፈትሹት። ቮሊዩሙን ነክተዋልና ወደ ደረጃ 6 ተመልሰው እንደገና ያስተካክሉ።

ደረጃ 8፦ መቀያየሪያውን ያዘጋጁ

የድምፅ ዝርዝር በአእምሮ ውስጥ የሚቆየው ለጥቂት ሰከንድ ነው። ትናንት የሰሙትን ከዛሬው ጋር ማወዳደር ትዝታን ማወዳደር ነው። ስለዚህ ቅያሬው ፈጣን ይሁን።

ለሁለት ትራንዚስተር አምፖች መቀያየሪያ ሳጥን ይሠራል፣ ሁለት ነገር ካሟላ፦ ቀዩንም ጥቁሩንም ሽቦ አብሮ የሚቆርጥ መሆን አለበት፣ አዲሱን ከማገናኘቱ በፊት አሮጌውን የሚለቅ መሆን አለበት። ጥቁሩን የጋራ የሚያደርገው ርካሹ ዓይነት በማስጠንቀቂያው ያልነውን አደጋ ያመጣል። ሁለት አምፕ ለቅጽበት እንኳ አውትፑታቸው ከተገናኘ አንዱ በሌላው ላይ ይጮሃል፣ ቀጥሎ የሚወጣው ጭስ ነው። ሁልጊዜ ሙዚቃውን አቁመው ይቀይሩ።

ከሁለቱ አንዱ ቲዩብ ከሆነ ሳጥኑን ይተዉት። ሁለቱንም አጥፍተው ባናናውን በእጅ ያዛውሩ። ትንሽ ይዘገያል፣ ስለዚህ አጭር የሙዚቃ ቁራጭ፣ ከ20 እስከ 30 ሰከንድ የሚሆን፣ ይምረጡ። የቲዩቡ 4 እና 8 ኦም ማያያዣዎች ላይም ያስቡበት፤ ስፒከሩ 4 ኦም ከሆነ ከ4 ኦሙ ይጀምሩ።

ሶርሱን (ሙዚቃውን የሚያጫውተውን መሣሪያ) ለሁለቱም ለማድረስ የዋይ ኬብል (ከአንድ ወደ ሁለት የሚከፈል) ይበቃል። በሳጥን የሚቀያይሩ ከሆነ ሁለቱም አምፕ በርተው ይቆዩ። ኤክስኤልአር (ባለ ሦስት ፒን መሰኪያ) ከተጠቀሙ ማኑዋሉን ይዩ፤ አንዳንድ አምፖች፣ በተለይ ከጃፓን የመጡ አሮጌ ሞዴሎች፣ ፖዘቲቩን ፒን 3 ላይ ያደርጋሉ።

ደረጃ 9፦ እያዩ ያዳምጡ፣ ግን ምን እንደሚፈልጉ ይወቁ

በመጀመሪያ የትኛው እየሠራ እንደሆነ እያወቁ ይስሙ። ዓላማው መፍረድ አይደለም፤ በስውሩ ሙከራ የሚይዙትን ነጥብ መፈለግ ነው።

በገና ለዚህ ሥራ የሚገርም መሣሪያ ነው፣ ግን በጥንቃቄ። ጅማቱ ድልድዩ ላይ ያለውን እንዝራ እየነካ የሚፈጥረው እርግብግብታ ወፍራሙን ድምፅ እስከ ላይ ድረስ በብዙ ንብርብር ይሞላዋል። የእያንዳንዱ ጅማት መነሻ፣ እርግብግብታውና መክሰሙ ለየብቻ ይሰማል ወይስ አንድ ላይ ይደባለቃል? የሚሉት ጥያቄዎች ይመለሱበታል። አምፑ ድምፅ እየቆረጠ መሆኑን ግን በበገና አይፈልጉ፤ እርግብግብታው ራሱ የዲስቶርሽንን ጥፋት ይሸፍናል። ለዚያ ዋሽንት ወይም ፒያኖ ይጠቀሙ። የዋሽንት ረጅም ኖታ ንጹሕ ስለሆነ የተጨመረበት ሻካራ ነገር ወዲያው ይታወቃል።

ለባስ ቁጥጥር ከበሮና ባስ ጊታር አብረው የሚጫወቱበት ዘመናዊ ቅጂ ይምረጡ፤ ምቱ የት ይጀምራል፣ የትስ ይቆማል? ለመሃሉ በሞኖ የተቀረጸ አንድ ድምፃዊ። አሮጌ የካሴት ቅጂ ለመዝናናት እንጂ ለፈተና አይሆንም፤ ላይኛውና ታችኛው ጠርዝ ከመጀመሪያውም የለበትም።

ቲዩብና ትራንዚስተር ሲወዳደሩ በእርግጥ የሚሰማ ልዩነት ካለ ምክንያቱ አብዛኛውን ጊዜ የአውትፑት ኢምፒዳንስ (አምፑ በመውጫው በኩል ያለው የራሱ ተቃውሞ) ነው። ማኑዋሉ ላይ «ዳምፒንግ ፋክተር» የሚለውን ይፈልጉና 8ን ለእሱ ያካፍሉ። 5 ከሆነ 1.6 ኦም፣ 200 ከሆነ 0.04 ኦም ይመጣል። ስፒከር ደግሞ «8 ኦም» ቢባልም በአንዱ ፍሪኩዌንሲ 4፣ በሌላው 20 ኦም ሊሆን ይችላል። 1.6 ኦም ያለው አምፕ በእንደዚህ ዓይነት ስፒከር ላይ በ4 ኦሙ ቦታ 2.9 ዲሲቤል፣ በ20 ኦሙ ቦታ 0.7 ዲሲቤል ያጣል። ማለትም ከ2 ዲሲቤል በላይ የሆነ ኢኳላይዘር ሳይነኩት ገብቷል። 0.04 ኦም ባለው ላይ ይኸው ልዩነት 0.1 ዲሲቤል አይሞላም። ስለዚህ «ቲዩቡ ይሞቃል» የሚለው ፍርድ ለዚህ ስፒከር ብቻ ነው የሚሠራው፤ ስፒከር ቢቀይሩ ሊገለበጥ ይችላል።

ደረጃ 10፦ ስውር ሙከራ

1. አምፖቹን በመጋረጃ ይሸፍኑ። የቲዩብ ብርሃንና የሜትር መብራት እንዳያጮልቁ።
2. ረዳቱ ለእያንዳንዱ ዙር ሳንቲም ይጣል፦ ዘውድ «ሀ»፣ ጎፈር «ለ»፣ ወይም እንደተስማማችሁ። በወረቀቱ ላይ ይጻፍ፣ ለእርስዎ አያሳይ።
3. ሳንቲሙ ያንኑ አምፕ ደግሞ ቢያመጣም የመቀየሩን እንቅስቃሴ ሁሉ ያድርግ። አለዚያ ኮቴውንና የባናናውን ድምፅ ሰምተው ያውቃሉ።
4. ያንኑ የ20 ሰከንድ ቁራጭ ያጫውት። እርስዎ «ሀ» ወይም «ለ» ብለው በራስዎ ወረቀት ይጻፉ። አይነጋገሩ፣ ፊት ለፊትም አይተያዩ።
5. 8 ዙር፣ ሻይ፣ ሌላ 8 ዙር። ከዚያ በላይ ጆሮ ይደክማል።

ከ16ቱ 12 ወይም ከዚያ በላይ ካገኙ ልዩነቱ በእርግጥ ይሰማዎታል ማለት ይቻላል፤ በግምት ብቻ ይህን ያህል የማግኘት ዕድል ከ4 በመቶ በታች ነው። 9 ወይም 10 ካገኙ ሳንቲሙ ራሱ ከእርስዎ ብዙም አይተናነስም። በዚህ ጊዜ ሙከራውን ደጋግመው 12 እስኪመጣ አይጠብቁ፤ ብዙ ጊዜ ከተሞከረ አንዱ ቀን መምጣቱ አይቀርም።

ደረጃ 11፦ በሙከራው ውጤት ምን ይደረጋል?

ልዩነቱ ከተሰማዎት ወደ ደረጃ 9 ይመለሱና የትኛውን እንደሚመርጡ ይወስኑ። አሁን ምርጫው የጆሮ ነው፣ ማንም አይከራከርዎትም።

ካልተሰማዎት ደግሞ ሚዛኑ ሌላ ነው፦ የትኛው ዝም ይላል (ደረጃ 4)፣ የትኛው ግራና ቀኙ እኩል ነው (ደረጃ 6)፣ የትኛው ለስፒከርዎ በቂ ዋት አለው (ደረጃ 7)፣ የትኛውን የሚጠግን ባለሙያና መለዋወጫ ከተማዎ ውስጥ አለ። የመጨረሻው ከሁሉ ይከብዳል። የአውትፑት ትራንዚስተሩ የማይገኝለት ውድ አምፕ ከተቃጠለ የመደርደሪያ ጌጥ ነው የሚሆነው።

የመረጡትን ለሁለት ሳምንት እንደ ወትሮው ያዳምጡበት። ከ3 ሰዓት በኋላ ክዳኑ ላይ እጅዎን ያሳርፉ፤ 5 ሰከንድ ማቆየት ካልቻሉ አየር አጥቷል። ክላስ ኤ አምፖች ይህን ያህል መሞቃቸው የተለመደ ሊሆን ስለሚችል ማኑዋላቸውን ያገናዝቡ።

ደጋግመው የሚታዩ ስሕተቶች

- ከአምፑ ጋር ኬብልም መቀየር። አንድ ጊዜ አንድ ነገር ብቻ ነው የሚቀየረው፤ አለዚያ ምስጋናው ለማን እንደሆነ አይታወቅም።
- አንዱን አምፕ በብሉቱዝ፣ ሌላውን በገመድ መስማት።
- የአንድ ስፒከር ቀይና ጥቁር ገልብጦ ማገናኘት። ባሱ ይሳሳል፣ ዘፋኙ መሃል ላይ አይቆምም፤ ሰው ደግሞ «አምፑ ባስ የለውም» ብሎ ይመልሰዋል። በእጅ በሚቀያየርበት ሙከራ ላይ በጣም ያጋጥማል፤ ባናናዎቹን በቀይና በጥቁር ፕላስተር ይለዩ።
- አምፑ በርቶ ሳለ ሲግናል ኬብል መንቀል። ግራውንዱ ቀድሞ ሲለቅ የሚመጣው ኃይለኛ ሃም ትዊተርና ዉፈር ያቃጥላል።
- የማጥፋት ቅደም ተከተልን መርሳት። ሲያበሩ ሶርስ፣ ፕሪአምፕ (ከፓወር አምፑ በፊት ያለው ቮሊዩም መቆጣጠሪያ)፣ በመጨረሻ ፓወር አምፕ፤ ሲያጠፉ ከፓወር አምፑ ይጀምሩ። መብራት በሙከራው መሃል ከሄደ ፓወር አምፑን ወዲያው በቁልፉ ያጥፉት፤ መብራቱ ሲመለስ ሁሉም በአንድ ጊዜ ከተነሡ የፕሪአምፑ ምት በቀጥታ ስፒከሩ ላይ ያርፋል።